ዱቄት አይገባበትም

አመለሸጋ ስትናደድ አትጮህም። በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ስትኖር ድምፅዋ ከቆርቆሮ አጥሯ ያለፈበትን ቀን የሚያስታውስ ጎረቤት የለም። ስትናደድ ትወቅጣለች። ጎረቤቶቿም ልቧን የሚያውቁት በሙቀጫው ድምፅ ነው። ዱክ... ዱክ... ካለ ደህና ናት። ዱክዱክዱክ ካለ ግን ሰው በበሯ ባያልፍ ይሻለዋል።

ያን ሐሙስ ሙቀጫውን ያስጮኸውን ነገር ያመጣችው ሳቢሪን ነበረች። ሳቢሪን ከአመለሸጋ ቤት ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ ትሸጣለች። የማንያታ ወሬ ሁሉ በዚያ ሱቅ መስኮት ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ መልእክት አለኝ። ግን እኔን እንዳትቆጪኝ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማርጋሬት።»

ማርጋሬት የኦብሳ እናት ናት። ኦብሳ ደግሞ ቅዳሜ የአመለሸጋን አንድያ ልጅ፣ ኮኪን፣ የሚያገባው ነው። ማርጋሬት ሄሉ በሚባለው ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ባሏ ጃርሶ ሁለት ሎሪ አለው። እንግዲህ ሰርጉም የሚደረገው በእነሱ ግቢ ነው።

«ምን አለች?»

«አንደኛ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሙሽሮቹ አጠገብ የሙሽራዋ እናት የምትቀመጥበት ወንበር አለ አይደል? እዚያ ሜርሲ ትቀመጥ አለች።»

«ሜርሲ ማናት?»

«የኮኪ አለቃ፣ ቢሮዋ ያለችው። የእናት ንግግሩን በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም ታነባለች። አንቺ... ያው...»

«እኔ ምን?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እትዬ! ወረቀት አታነብም፣ ማይክ ሲሰጧትም ታፍራለች፣ ሰው ፊት እንዳናሳጣት አለች።»

አመለሸጋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እጇ ደረቅ ነበር፤ ግን ጠረገችው።

«ሌላስ?»

ሳቢሪን ወደ መሬት አየች። «ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥታ ወጥ ቤቱን ትቆጣጠርልን አለች። በጓሮ በር ብትገባ ይሻላል፣ ከፊት ለፊት እንግዳ ይበዛል አለች።»

«እሺ። ሰምቻለሁ።»

«እትዬ...»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

ሳቢሪን መንገዱን ተሻግራ ሱቋ ሳትደርስ ሙቀጫው ጀመረ። ዱክዱክዱክዱክ።

በጓሮ በር! አመለሸጋ የምትወቅጠው ስኳር ነበር፤ ስኳሩ ከላመ ቆይቷል፤ እሷ ግን አላቆመችም። በጓሮ በር መግባት አዲስ ነገር ሆኖባት አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ የገባችው በጓሮ በር ነው። ማንያታ ውስጥ ሰርግ ሲሆን፣ ልጅ ሲወለድ፣ ከመካ የሚመለስ ሲመለስ፣ ብስኩት የምትጋግረው እሷ ናት፤ ሳህኗን ይዛ በወጥ ቤት በኩል ትገባለች፣ በወጥ ቤት በኩል ትወጣለች፣ ከድንኳኑ ጭብጨባ ብቻ ትሰማለች። አንድም ቀን ተቆጥታ አታውቅም። የሰው ሰርግ ነዋ! የገዛ ልጇ ሰርግ ግን? ኮኪን ዘጠኝ ወር የተሸከመችው በየትኛው በር ነበር?

ብስኩቱን መቼስ ማንያታ ውስጥ የማያውቀው የለም። አሚግዳሎታ ብላ የምትጠራው አመለሸጋ ብቻ ናት፤ ሌላው «የአመለሸጋ ቅል» ነው የሚለው። እውነትም ትንሽ ቅል ይመስላል። ከታች ሰፋ፣ ከአንገቱ ቀጠን ያለ፣ አናቱ ላይ አንድ ቅርንፉድ የተሰካበት፣ ገላው በላመ ስኳር የነጣ ነው። ጥርስ አይፈልግም። ምላስ ላይ ሲያርፍ ይቀልጣል፤ ከዚያ የጽጌረዳ ውሃው ሽታ ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫ ይወጣል። ውስጡ ለውዝ ነው። ለውዝ ሲባል ኦቾሎኒ አይደለም፤ ኬንያዎቹ ሎዚ የሚሉት፣ ጠፍጣፋው፣ ቡናማ ልብስ የለበሰው። ለውዝ፣ ስኳር፣ የእንቁላል ነጩ፣ አለቀ። ዱቄት የሚባል ነገር አይገባበትም።

ያስተማረቻት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ ትኖር የነበረች ማዳም ካሊዮፒ የምትባል ግሪክ ናት። አመለሸጋ እዚያ ቤት ለሥራ ስትገባ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ፊደል ያስቆጠራት አልነበረም። ማዳም «እጄን እይ» ትላት ነበር፤ እሷም አየች። አንድ ቀን ሊጡ የቀጠነ መሰላትና፣ እንግዳም ይመጣል ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ ይበረክታል ብላ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ጨመረችበት። ማዳም ቀምሳ ሙሉውን ቆሻሻ ላይ ደፋችው። «ዱቄት አይገባበትም!» ብላ ጮኸችባት፣ ጥርት ባለ አማርኛ። አመለሸጋ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ ደግማ ግን አልሳተችም። የማዳም ልጅ ስታገባ ብስኩቱን የጋገረችው እሷ ናት። ያን ቀንም በጓሮ በር ነው የገባችው። የደረሳትም አንገቱ የተሰበረው ነው።

ኮኪ ከሥራ ስትመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቷ ሙቀጫው ላይ ተደፍታ አገኘቻት።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

«አንቺ አውቀሻል ወይ?»

«ምኑን?»

«ወንበሩን።»

ኮኪ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። ዓይኗን ወደ ሙቀጫው መለሰች፤ እናትየዋም መልሱን ከዚያው አገኘችው።

«ለሰላም ብዬ ነው እማ። ከአማቴ ጋር ገና ሳልገባ እንዳልጣላ ብዬ። ደግሞ አንቺ ሰው ፊት መናገር አትወጂም፤ ራስሽ ነሽ የምትይው።»

«መናገር አልወድም። መቀመጥም አልወድም አልኩሽ?»

«እማዬ...»

«ሂጂ ልብስሽን ቀይሪ። ራትሽ ተከድኗል።»

አርብ ጠዋት አመለሸጋ ከወፎቹ እኩል ተነሳች። የተቀመጠው ለውዝ ለዚሁ ቀን ነበር። ወንዱ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አለ፣ ከሟች ባሏ ጋር ይሠራ የነበረ። ኮኪ ከታጨች ጀምሮ ወንዱ ከናይሮቢ በተመለሰ ቁጥር ግማሽ ኪሎ፣ ሲሆንለትም አንድ ኪሎ ለውዝ ከወንበሩ ሥር እያስቀመጠ አምጥቶላታል። አምስት ወር ሙሉ። ሙቀቱ እንዳያበላሸው በማሰሮ አድርጋ እርጥብ ጆንያ ጠቅልላበት፣ ጥግ ላይ አኖረችው። ኮኪ ራሷ እንኳ እጇን ከትታ አታውቅም።

ለውዙን በፈላ ውሃ ነክራ አወጣች፤ አንድ በአንድ እየጨመቀች ከልብሱ አወጣችው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣች። አንድ ሳህን ያህል ለብቻ አድርጋ ዝቅ ያለው የጓዳ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስቀመጠች። ኮኪ ከልጅነቷ ጀምሮ የተላጠ ለውዝ ስለምትወድ፣ በሙሽርነቷ ዋዜማ እንድትበላው ብላ ነው። ተናድዳባታለች፤ ሆኖም አስቀመጠችላት። የቀረውን ከስኳር ጋር ወቅጣ፣ በእንቁላል ነጭ ለውሳ፣ በትልቁ ሳፋ አድርጋ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ይሄ ሊጥ ሲለወስ ይጣበቃል፣ ቀጭንም ይመስላል፤ ሁለት ሰዓት ካረፈ ግን ራሱ ይጠነክራል። እሷም ይረፍ ብላ ቅርንፉድና ከሰል ልትገዛ ገበያ ወጣች።

ስትመለስ የቤቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የማርጋሬት ጥቁር ጫማ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ማርጋሬት ራሷ ደግሞ የአመለሸጋ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ሳፋው ውስጥ ሁለት እጇን ከታ ታቦካለች። አጠገቧ ባዶ የስንዴ ዱቄት ፓኬቶች ወድቀዋል። ሁለት።

«ማማ ኮኪ! ካሪቡ፣ ግቢ!» አለቻት፣ በገዛ ቤቷ።

የአመለሸጋ የከሰል ፌስታል ከእጇ ወደቀ። «ምን... ምን እያደረጉ ነው?»

«ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ትናንት የላክሁትን በአፌ ላስረዳሽ ብዬ ነው የመጣሁት። በሰው መላክ ጥሩ አይደለም አልኩ። ሳጣሽ ደግሞ ዝም ብዬ ከምቀመጥ አልኩ። ሊጥሽ እኮ ቀጥኖብሽ ነበር! ደግሞ ሦስት መቶ ሰው ነው የሚመጣው፣ ይቺ ለማን ትደርሳለች? ከሳቢሪን ሱቅ ሁለት ፓኬት አስመጣሁና አበረከትኩልሽ። ሳሳ፣ አሁን እይው፣ ሦስት እጥፍ ሆነ!»

ማርጋሬት ክፋት አስባ አይደለም፤ ይሄ ይታወቅ። በዚያ አገር እንግዳ ከበዛ ሻዩ ላይ ውሃ ይጨመራል፣ ወጡ ላይ ድንች ይጨመራል፤ ቀጠነ ተብሎ የሚታማ የለም፣ አልደረሰኝም የሚል እንግዳ ከወጣ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነውር ነው። የሷ እጅ የሚያውቀው ይሄንኑ ነው። ግን አመለሸጋ ያን ጊዜ ያየችው ክፋቱንም ደግነቱንም አይደለም። ነጩን ዱቄት ብቻ ነው ያየችው።

«አውጪ» አለች።

«ምን?»

«እጅሽን። ከሳፋዬ አውጪ!»

እስከዚያ ቀን ድረስ ማርጋሬትን «እርስዎ» ነበር የምትላት። ማርጋሬት እጇን አወጣች፤ ሊጡ ጣቶቿ ላይ ተንጠለጠለ።

«ማማ ኮኪ፣ ዱቄት እኮ ነው። መርዝ አይደለም።»

«ለዚህ መርዝ ነው! አምስት ወር ነው ያጠራቀምኩት! አንድ በአንድ ነው የላጥኩት፣ ጥፍሬ እስኪቆስል! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታስተምሪ አንድ ቀን ‹ይሄ ምንድነው› ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም? የሰው ቤት ገብተሽ፣ የሰው ክዳን ገልጠሽ፣ ሳትጠይቂ ትጨምሪያለሽ?»

«ልረዳሽ ብዬ...»

«ወንበሬንም ልትረጂኝ ነው የወሰድሽው? ንግግሬንስ? አሁን ደግሞ ሊጤን! ምን ቀረሽ? ልጄን ወልጃታለሁ በይና ጨርሺው!»

ማርጋሬት ተነሳች። ፊቷ ቀላ። እሷም መምህርት ናትና ዝም ብላ አልዋጠችም። «ወንበሩን ላንቺ ብዬ ነው ያልኩት! በእጮኝነቱ ቀን አንድ ቃል ተናግረሻል? ዘመዶቼ ሁሉ ‹የልጅቷ እናት ዲዳ ናት ወይ?› አሉኝ። ነገ ማይክ ተሰጥቶሽ ብትንተባተቢ የሚስቀው ማን ላይ ነው?»

«ዲዳ አይደለሁም! አሁን ሰማሽኝ? ሰምተሽኛል ወይ?»

«ሄሉ ድረስ ተሰምቷል፣ እትዬ!» አለች ሳቢሪን ከሱቋ መስኮት። ማንያታ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሟል። የአመለሸጋ ድምፅ ከአጥሯ ያለፈበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር።

ማርጋሬት ሊጥ ባለው እጇ ጫማዋን አንስታ፣ በባዶ እግሯ እስከ መንገድ ሄደች።

ያ ሁሉ ሰው ሲበተን አመለሸጋ ሳፋው ፊት ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ማዳም ብትሆን ትደፋው ነበር። እሷ አልደፋችውም። ይልቅ ሱፉሪያዋን፣ ያንን ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት፣ የከሰል ማንደጃዋ፣ ጂኮዋ፣ ላይ ጣደች። የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ የሚባል ነገር የላትም፤ ድስቱ ውስጥ ሁለት ጣት አሸዋ ታነጥፋለች፣ አሸዋው ላይ ሦስት ጠጠር፣ ጠጠሩ ላይ ሳህኑን፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም። የላዩ ፍም ከታቹ ማነስ አለበት፤ እጇን አቅርባ እስከ ሰባት ስትቆጥር ካላቃጠላት ልክ ነው። የማርጋሬትን ሊጥ እንዳለ ጋገረችው። ያን ሁሉ። አንድ ሳህን ሲወጣ ሌላ ሳህን ስታስገባ ዋለች። የወጣው ነገር ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ቋ ይላል።

ሳቢሪን መጥታ አንዱን አነሳች። ነከሰችው። ከአፏ አወጣችውና አገላብጣ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ አይጣል። የጃርሶ ሎሪ ዳገት ላይ ሲቆም ጎማው ሥር ይደረግ።»

አመለሸጋ ልትስቅ ነበር፤ ንዴቷ አላሳቃትም።

ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ቆርቆሮው ላይ ያረፈው። ያቺ አንድ ሳህን ለውዝ። ለኮኪ ያስቀመጠችው።

አወረደችው። ወቀጠች፤ በዚህ ጊዜ ዱክ... ዱክ... ብላ ነው፣ ለውዝ ቸኩለው ከወቀጡት ቅባቱን ይተፋል። በመሃል ኮኪ መጣች። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምታዋለች። እጇን ታጥባ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሜርሲን ልደውልላት? እንዳትቀመጥ ልንገራት?»

«አንቺ ምንም አትንገሪ። መናገር የነበረብሽ ትናንት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማ?»

«ቅርንፉዱን ምረጪ። ራስ ያለውን።»

ኮኪ መረጠች። ከሳህኗ ለውዝ የወጣው አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንድ ትንንሽ ቅል። ሳይጠቁሩ፣ ሳይሰነጠቁ፣ ነጭ እንደሆኑ ወጡ። የጽጌረዳ ውሃ ረጨችባቸው፣ በላመው ስኳር ውስጥ አንከባለለቻቸው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገቧን አቀናች።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የጃርሶ ወጥ ቤት ማንም ሊቆጣጠረው አልመጣም። በአራት ሰዓት ሳቢሪን በጓሮ በር ገባች፤ ራሷ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሳፋ አለ። ለአብሳዮቹ አስረከበችና «ይሄ የማርጋሬት የእጅ ሥራ ነው፤ ለእንግዳው በሙሉ ይደርሳል። ሻይ ውስጥ ነክራችሁ ስጡ፣ ጥርስ ላለው» ብላ ወጣች።

አመለሸጋ ደግሞ በፊት ለፊት በር መጣች። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን ጥላለች፤ በእጇ አንዲት ሳህን ይዛለች፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች። በሩ ላይ እንግዳ የምትቀበል ሴት ሳህኗን አየችና «ምግብ በዚያ በጓሮ ነው፣ እማማ» አለቻት። አመለሸጋ እንዳልሰማች ሆና አለፈች። ሦስት መቶ ሰው ዞሮ ያያት መሰላት፤ እውነትም ግማሹ ዞሮ ነበር። የአርቡ ጩኸት ሄሉም ደርሷላ።

ወንበሩ ላይ ሜርሲ ተቀምጣለች፤ ወጣት ናት፣ ጭኗ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። አመለሸጋ ፊቷ ቆመች።

«ልጄ፣ ተነሺልኝ። ወንበሬ ነው።»

ሜርሲ አማርኛ ብዙም አታውቅም። ግን ተነሳች። ይሄን ለመረዳት አማርኛ አያስፈልግም።

ማርጋሬት ከጎን ካለው ወንበር ጎንበስ ብላ መጣች። በሹክሹክታ «ማማ ኮኪ፣ ወጥ ቤቱስ?» አለቻት።

«ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው። ብስኩትሽም እዚያ ነው።»

ንግግሩ ሲደርስ ማይክ የያዘው ሰው ሜርሲን ፈለገ፣ አጣት፣ ማርጋሬትን አየ፣ ማርጋሬት አቀረቀረች። ሰውየው ግራ ገብቶት ማይኩን ለአመለሸጋ ሰጣት። ማይኩ ሲጥ አለ። እሷ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው፤ ሳህኗ ጭኗ ላይ ናት። ከኋላ አንዱ ሳለ። ኮኪ ከቬሏ ሥር እናቷን ታያታለች።

«እኔ የኮኪ እናት ነኝ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ከድንኳኑ በአራቱም ማዕዘን ተመለሰ፤ ደነገጠች፤ ግን ቀጠለች። «ወረቀት የለኝም። ተናድጄ ነው የመጣሁት። አሁንም ተናድጃለሁ።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሳቁ ቀስ ብሎ ሞተ።

«ለሁላችሁም የሚሆን ነበረኝ። ተበላሽቷል። አሥራ አንድ ቀርቷል። እሱ ለልጄና ለባሏ ነው። በቃ።»

ማይኩን መለሰች። ተነስታ ጨርቁን ገለጠች፤ አንዱን በኮኪ አፍ፣ አንዱን በኦብሳ አፍ አደረገች። ኦብሳ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከው፤ የሚያኝከው ነገር ሲያጣ ዓይኑን ገለጠ። የኮኪ ከንፈር ነጥቶ ቀረ፤ እንባዋ ስኳሩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ያን ጊዜ ነው ጭብጨባው የመጣው። አመለሸጋ ጭብጨባ ከድንኳን ውስጥ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በወጥ ቤት በኩል ሻይና ያ ደረቅ ብስኩት መታደል ጀመረ፤ ከየአቅጣጫው ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማርጋሬት አንዱን ከሳህን አነሳች፣ ነከሰች፣ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓይኗ በአመለሸጋ ጭን ላይ ወዳሉት ዘጠኝ ነጫጭ ቅሎች ሄደ።

«ይሄ... ምንም ዱቄት የለውም?» አለች።

«አሁን ጠየቅሽ» አለች አመለሸጋ። ሳህኑን ትንሽ ወደ ራሷ ሳበችው። «የለውም።»

አንዲት አስተናጋጅ ልጅ በአጠገባቸው ስታልፍ አመለሸጋ ጠራቻት። «ልጄ፣ ለኔም ሻይ። ስኳር ሁለት።» ልጅቷ ዞር ከማለቷ በፊት ግን ማርጋሬት ብድግ አለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሰው እያያት፣ ሻዩን ልታመጣ ራሷ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች።

አመለሸጋ ፊቷን አልፈታችም። እግሯን አነባብራ፣ ሻይዋን ቁጭ ብላ ጠበቀች።